ብላይንድ ራሳችሁ ግጠሙ፣ ራሳችሁ አሳጥሩ

የመስኮት ብላይንድ መግጠም የግድ ባለሙያ የሚጠራበት ሥራ አይደለም። ድሪል መያዝ የማይፈራ ሰው ይገጥመዋል። ማሳጠሩ ደግሞ ከመግጠሙም ይቀላል፤ አግድሙ ዓይነት ከሆነ መቀስና ካቻቢቴ ይበቃል። ሥራው የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው ገዝቶ ያመጣዋል፣ ወለል ላይ ዘርግቶ በሜትር ይለካል፣ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ይሰቅለዋል። ሲሰቀል ወይ ደፉ ላይ ተከምሮ ይተርፋል ወይ አራት ጣት ያጥራል፤ ብራኬቱ፣ ማለትም ብላይንዱን የሚሸከመው መያዣ፣ የሚወስደው ቦታ አልታሰበም፣ ወለል ላይ የተኛ ብላይንድ ክርም እንደተሰቀለው አይወጠርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። መጀመሪያ ይሰቀላል፣ ከዚያ ነው የሚያጥረው። ቁመት ቤት ውስጥ ይስተካከላል፣ ወርድ ግን ሲገዛ በልክ መሆን አለበት። ሮለር ብቻ ከዚህ ይለያል፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የምጽፈው አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም በሐሳቤ ይዤ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ በላዩ ልስን፣ ከመስኮቱ አናት አርማታ። ውጭ አገር ያላችሁ የማሳጠሩን ክፍል እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ። ግድግዳችሁ ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ግን የመብሳቱ ነገር የተለየ ነው፣ ፊሸሩም (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቪቱን የሚይዘው ፕላስቲክ) ለጂፕሰም የተሠራው ዓይነት መሆን አለበት።

የያዛችሁት የትኛው ነው?

እኛ ዘንድ ሁሉም ብላይንድ ነው የሚባለው፣ አሠራሩ ግን ይለያያል። አግድሙ፣ ስስ የአሉሚኒየም፣ የፕላስቲክ ወይም እንጨት መሳይ ቁራጮች በክር ላይ ተደርድረው ገመዱ ሲሳብ ወደ ላይ የሚሰበሰቡበት ነው። ቁራጮቹን ከዚህ በኋላ ቅጠል እላቸዋለሁ። ሮለር አንድ ወጥ ጨርቅ ቱቦ ላይ የሚጠቀለልበት ነው። ዜብራ የሮለር ዘመድ ነው፤ ጨርቁ ድርብ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍና የማያሳልፍ መስመር ይፈራረቅበታል። ቨርቲካል ደግሞ ቢሮ ውስጥ የለመድነው፣ ቁልቁል የተንጠለጠሉ የጨርቅ ቁራጮች ያሉት።

ሮለርና ዜብራ ቁመታቸው ቢረዝም ምንም አትንኩት። የሚፈለገው ድረስ ይወርዳል፣ ትርፉ ቱቦው ላይ ተጠቅልሎ ይቀራል። ለማሳጠር እጅ የሚገባበት አግድሙና ቨርቲካሉ ላይ ነው።

ልኬት

የልብስ ሰፊ ሜትር አትጠቀሙ፣ ይለጠጣል። የብረት ሜትር ያዙ፣ ቁጥሩን በሚሊ ሜትር ጻፉ፣ ወርዱን አስቀድሙ። ሱቅ ሄዳችሁ «ዘጠና በመቶ ሃያ» ስትሉ የቱ ወርድ የቱ ቁመት እንደሆነ ካልለያችሁ ተገልብጦ ይሠራላችኋል።

ከመለካታችሁ በፊት የት እንደሚገጠም ወስኑ፤ በመስኮቱ ውስጥ ወይስ ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳው ላይ። ውስጥ ሲገጠም ንጹሕ ሆኖ ያምራል፣ ቦታም አይወስድም። መስኮታችሁ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ግን እርሱት፣ በከፈታችሁ ቁጥር ይጋጫል። ከውስጥ በኩል የሌባ ፍርግርግ ካለም ጥልቀቱን ይበላዋል። የመስኮቱ እጀታ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚወጣም እዩ፣ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን የሚያጣምመው እሱ ነው። በግምት 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቅጠል ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ነፃ ጥልቀት ይበቃዋል። የ50 ሚሊ ሜትሩ ሙሉ በሙሉ ውስጥ እንዲገባ 6 እና 7 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል።

ውስጥ የሚገጠም ከሆነ ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። ሦስቱ እኩል ከመጡ ግንበኛችሁን አመስግኑ፤ ብዙ ጊዜ ልስኑ አንድ ቦታ ያብጣል። ትንሿን ቁጥር ያዙና 1 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ፣ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ እንዲተርፍ። ቁመቱንም ሦስት ቦታ ለኩ፣ እዚህ ግን ትልቁን ነው የምትይዙት፤ ትርፍ ቅጠል ይወጣል፣ የጎደለ ግን ከየትም አይመጣም። በመጨረሻ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ መስኮቱ ጠማማ ነው፣ ብላይንዱ ውስጥ ሲገባ ጠማማነቱን የበለጠ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለውን ግድግዳው ላይ ግጠሙት።

ግድግዳ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። በየጎኑ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ወደ ላይም እንዲሁ። ከዚህ ካነሰ ብርሃን በጎን ይገባል፣ ማታ መብራት ስታበሩም ከፊት ለፊቱ ብሎክ ያለ ጎረቤት በቀዳዳው ያያችኋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ሱቅ ላይ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። የምሰጣችሁ ልክ የመስኮቱ ነው ወይስ የብላይንዱ? አንዳንዱ ሠሪ የሰጣችሁትን ልክ እንዳለ ይሠራል፣ አንዳንዱ ራሱ ይቀንስለታል። ሁለታችሁም ከቀነሳችሁ በጎን ክፍተት ይመጣል፣ ሁለታችሁም ካልቀነሳችሁ ደግሞ አይገባም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚያመጣላችሁም ይኸው ነው። እዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ብላይንድ ካርቶኑ ላይ 36 ኢንች ቢል ራሱ ብላይንዱ ብዙ ጊዜ 35 ተኩል ኢንች ነው፣ መስኮት ውስጥ እንዲገባ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። 36 ኢንች ማለት 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 35 ተኩሉ ደግሞ 90.2 ገደማ። ዘመዳችሁን ከማዘዛችሁ በፊት ካርቶኑን አስነብቡት።

ምን ያስፈልጋል

ድሪል፣ ለግድግዳ የሚሆን 6 ቁጥር ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ 6 ቁጥር ፊሸር ከነቪቱ፣ ካቻቢቴ ጠፍጣፋውም መስቀሉም፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ፣ መነጽር። ሁሉም መርካቶና ተክለ ሃይማኖት ይገኛል፣ ሰፈር ያለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅም አያጣውም። ብላይንዱ ውስጥ የሚመጣውን ፊሸር ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ አጭርና ለስላሳ ነው፣ ለኛ ልስን አይሆንም። ድሪል ከሌላችሁ ለአንድ ቀን መዋስ ወይም መከራየት እንጂ መግዛት አያስፈልግም። የባትሪ ድሪል ከሆነ ማታውን ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት የሚሄደው ልክ ሁለተኛውን ቀዳዳ ስትጀምሩ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ አትብሱ። የኮንዶሚኒየም አርማታ ድምፁን እስከ አራተኛ ፎቅ ያደርሰዋል።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አሉሚኒየም መስኮት ላይ ሳይበሳ የሚቆነጠጥ መያዣ ያላቸው ቀላል ሮለሮች አሉ፣ ለኪራይ ቤት እነሱ ይሻላሉ።

መብሳትና መስቀል

ብራኬቶቹን ቦታቸው ላይ ይዛችሁ በቀዳዳቸው በኩል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የግራውን ምልክት አድርጋችሁ የቀኙን በዓይን አትገምቱ፣ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። የመስኮቱን አናት ተከትሎ መሄድ አያዋጣም፣ አናቱ ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ብላይንዱ ውሃ ልክ ካልሆነ ቅጠሎቹ ወደ አንድ ጎን ይሸሻሉ፣ ሮለር ከሆነ ደግሞ ጨርቁ እየተንሸራተተ ጠርዙ ይበላል። አናቱ ጠማማ ከሆነ ዝቅ በሚለው ብራኬት ሥር ሮንዴላ ጨምራችሁ አስተካክሉ።

ብላይንዱ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ወርድ ካለው ከመሃል ሦስተኛ ብራኬት ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ የላይኛው ብረት ከጊዜ ጋር ይጎብጣል። የመሃሉን ብራኬት ስትመርጡ የላይኛውን ብረት ውስጡን እዩት። ክሮቹ በሚወርዱበት ቦታ ላይ ብራኬት ከገባ ማንሻውን ያንቀዋል።

አሁን ግድግዳው። ከመስኮቱ ጎን ብሎኬት ነው፣ ከአናቱ አርማታ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት አትብሷቸው።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉን የመዶሻ ሥራው ላይ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ስሱ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይፈርሳል፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ፊሸሩ ውስጡ ይዞራል። ስለዚህ ያለ መዶሻ፣ በዝግታ። ልስኑ ብቻውን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ይጠልቅ። ፊሸሩ ልስን ውስጥ ብቻ ከቀረ ዛሬ ይይዛል፣ ከወር በኋላ ከነልስኑ ይወርዳል። ፑንታው ላይ 5 ሴንቲ ሜትሩን ለክታችሁ ስኮች ጠቅልሉበት፣ ስኮቹ ግድግዳ ሲነካ ትቆማላችሁ። ፊሸሩ ከዞረ ደግሞ ረዘም ያለ ፊሸር ሞክሩ ወይም ከጎኑ ሌላ ብሱ፤ ወረቀት መጎስጎሱን ተዉት።

አርማታው መዶሻ ይፈልጋል። ወደ ላይ እየበሳችሁ ስለሆነ አቧራው ሁሉ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወርደው፣ መነጽሩ እዚህ ነው ግዴታ። የላስቲክ ስኒ ቂጡን በስታችሁ ፑንታውን ብታሳልፉበት አቧራውን ይቀበላል። ፑንታው አንድ ቦታ ደርሶ አልሄድ ካለና ድምፁ ከተቀየረ ፌሮ አግኝታችኋል። አትታገሉት፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ በሉ። ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያለው መስመር ላይ ደግሞ በጭራሽ አትብሱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

አሉሚኒየም ፍሬም ላይ የምታስሩ ከሆነ ፊሸር አያስፈልግም። በ3 ቁጥር የብረት ፑንታ ያለ መዶሻ ብሱና አጭር የቆርቆሮ ቪት ተጠቀሙ። ቪቱ አጭር ይሁን፤ ረጅሙ ውስጥ ያለው መስታወት ጋ ከደረሰ ወጪው ሌላ ነው።

ብራኬቱ ከታሰረ በኋላ በእጃችሁ ወደ ታች ሳቡት፣ ጠንከር አድርጋችሁ። ካልተነቃነቀ ብላይንዱን አስገቡ። አግድሙ ላይ ብራኬቱ ሳጥን መሳይ ከሆነ የላይኛው ብረት በፊት ለፊት ገብቶ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሌላው ዓይነት ፊቱን አስይዛችሁ ኋላውን ስትገፉት ጠቅ ይላል። ጠቅ ካላለ አልገባም፣ ለቃችሁት አትሂዱ።

አግድሙን ማሳጠር

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የታችኛውን ዘንግ በመጋዝ ለመቁረጥ ያስባል። ምንም የሚጋዝ ነገር የለም። ብላይንዱ ሁለት ዓይነት ክር አለው። አንደኛው መሰላል የሚመስለው ነው፤ ቅጠሎቹ ደረጃው ላይ ተኝተዋል። ሁለተኛው ማንሻ ገመዱ ነው፤ በቅጠሎቹ ቀዳዳ መሃል አልፎ ከታችኛው ዘንግ ሥር በቋጠሮ ታስሯል። ማሳጠር ማለት ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ትርፍ ቅጠሎቹን አውጥቶ፣ ዘንጉን ወደ ላይ አምጥቶ መልሶ መቋጠር ነው። በቃ።

1. ብላይንዱን ሙሉ በሙሉ አውርዱትና ቅጠሎቹን አግድም ክፈቱ። ዘንጉ ደፉ ላይ ሲያርፍ ከላዩ የተከማቹት ቅጠሎች ናቸው ትርፎቹ። ከላይ ወደ ታች እያያችሁ፣ ክሩ ተወጥሮ እኩል ርቀት ይዘው የተንጠለጠሉትን ተዉ፣ መላላት ከጀመረበት ቅጠል ጀምሮ ያለውን ቁጠሩ። በ25 ሚሊ ሜትሩ ላይ በቅጠልና በቅጠል መሃል ወደ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በ50 ሚሊ ሜትሩ ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት አለ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አንድ ቅጠል አስተርፉ። ዛሬ የተረፈውን ነገ ማውጣት ይቻላል። የሚቀረውን የመጨረሻ ቅጠል በስኮች ምልክት አድርጉበት።

2. አሁን ብላይንዱን አውርዳችሁ ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ አስተኙት። ተሰቅሎም ይሠራል፣ ግን አንገታችሁ ያሳዝናችሁ። የታችኛውን ዘንግ ሥሩን ብትገለብጡ ክሮቹ ባሉበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ታያላችሁ። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከጠርዛቸው ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁ። ቀዝቃዛና ያረጀ ፕላስቲክ ስለሚሰበር አትቸኩሉ፣ ክዳኑ ብቻውን ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በስሱ አሉሚኒየም ብላይንድ ላይ አንዳንዴ የዘንጉን የጎን ክዳኖች ማውለቅም ያስፈልጋል።

3. ክዳኑ ሲወጣ የማንሻ ገመዱ ቋጠሮ ይታያል። ፍቱት። እምቢ ካለ ከቋጠሮው ጠጋ ብላችሁ ቁረጡት፣ ከሌላ ቦታ ግን እንዳትቆርጡ። ከዚያ ገመዱን ወደ ላይ እየሳባችሁ ከትርፍ ቅጠሎቹ ቀዳዳ ብቻ አውጡት። ምልክት ካደረጋችሁበት ቅጠል አልፎ እንዳይወጣ፣ ካለፈ በየቀዳዳው መልሶ ማስገባት ነው። የልብስ መቆንጠጫ እዚያ ቅጠል ሥር ገመዱ ላይ ብታደርጉ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ።

4. ገመዱ የወጣለት ቅጠል ልቅ ነው፣ በጎን ሳቡት ይወጣል። ሁሉንም ትርፍ እንዲሁ አውጡና ዘንጉንም አላቁት። መሰላሉ ክር ባዶውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አትቁረጡት ገና።

5. ዘንጉን ከመጨረሻው ቅጠል ቀጥሎ ባለው የመሰላል ደረጃ ላይ አስገቡት። ግራው አምስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ቀኙ ስድስተኛው ላይ እንዳይሆን ቁጠሩ፤ ብላይንዱ ሲያጋድል የምታዩት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ማንሻ ገመዱን በዘንጉ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ለጊዜው ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩ።

6. መልሳችሁ ስቀሉት። አውርዱ፣ አንሱ፣ ቅጠሎቹን ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ። ዘንጉ ላይ ውሃ ልክ አድርጉ። አንደኛው ጎን ዝቅ ካለ የዚያን ጎን ቋጠሮ ትንሽ ወደ ላይ አምጡት። ቅጠሉን ስታዞሩ ዘንጉ የማይከተል ከሆነ የመሰላሉ የፊትና የኋላ ክር እኩል አልተወጠሩም ማለት ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፣ ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ ስለሆነ።

7. ሁሉም ልክ ሲሆን ቋጠሮውን ድርብ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከቋጠሮው በታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። ገመዱ ናይለን ከሆነ ጫፉን ላይተር ቀረብ አድርጉለት፣ ቀልጦ አይተረተርም። መሰላሉንም ከዘንጉ በታች ሁለት ደረጃ ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ ትርፉን ቀዳዳው ውስጥ አጥፋችሁ ክዳኑን ግጠሙበት። ክዳኑ ነው መሰላሉን የሚይዘው፣ ስለዚህ ክሩ በደንብ ሥሩ መግባቱን እዩ።

ወርዱስ? አሉሚኒየም ቅጠል በመቀስ ይቆረጣል፣ እውነት ነው። ግን ከሁለቱም ጎን እኩል እየተለካ፣ ሃምሳ ስድሳ ቅጠል አንድ በአንድ፣ ከዚያ የላይኛው ብረት በሴጌቶ፣ ውስጡ ያለው ማዞሪያ ዘንግ ጭምር። ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። እኔ አልመክርም። ወርዱ ከተረፈ ግድግዳ ላይ ግጠሙት ወይም የገዛችሁበት ቦታ በማሽን ይቁረጡላችሁ።

ገመድ የሌለው ከሆነ

ከአሜሪካ የሚመጣው ብላይንድ አሁን አሁን የሚሳብ ገመድ የለውም፣ ዘንጉን በእጅ ይዘው ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው። ይህ የሆነው በልጆች ምክንያት ነው። እዚያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋጅቶ በሱቅ የሚሸጠው ገመድ አልባ ወይም ገመዱ እጅ የማይደርስበት እንዲሆን የአገሩ የደህንነት ደረጃ ወስኗል፣ በትእዛዝ የሚሠራው ላይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ጠበቅ ብሏል (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሠራሩ ከላይ ካለው አንድ ነው፣ ግን የላይኛው ብረት ውስጥ ስፕሪንግ አለ፣ ገመዱን ሁልጊዜ ወደ ላይ እየሳበ። ቋጠሮውን ፈትታችሁ ከለቀቃችሁት ገመዱ ተፈትልኮ ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሥራው ሙሉውን ማፍረስ ነው። ስለዚህ ቋጠሮውን ከመንካታችሁ በፊት ከሚቀረው የመጨረሻ ቅጠል ሥር በየገመዱ ላይ ጠንካራ መቆንጠጫ አድርጉ። የልብሱ ከላላ የቢሮ ወረቀት መቆንጠጫው ይሻላል። መቆንጠጫው በቅጠሉ ቀዳዳ ስለማያልፍ ገመዱን ይይዝላችኋል። አዲሱ ቋጠሮ ሳይጠብቅ አታንሱት።

ሌላው የዚህ ዓይነት ጠባይ፣ ስፕሪንጉ የተመጠነው በቅጠሎቹ ክብደት ነው። ብዙ ካወጣችሁ ብላይንዱ ቀላል ይሆንና ስታወርዱት ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ከሆነ ጠፍጣፋ ብረት ማስገባት ይረዳል። መመሪያ ወረቀቱ ከዚህ ቁጥር በላይ ቅጠል አታውጡ የሚል ከሆነም ስሙት።

ሮለር እና ቨርቲካል

ሮለር ወርዱን ቤት ውስጥ ማጥበብ የሚያዋጣው ብቸኛው ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። ጨርቁ ከጠቅላላው ወርድ ሁልጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጠባል፣ ምክንያቱም በሁለቱም ጎን ያሉት መያዣዎች ቦታ ይወስዳሉ። የምትለኩት ከመያዣ እስከ መያዣ ነው እንጂ ጨርቁን አይደለም።

ሰንሰለት ያለበትን ጎን አትንኩ። በሌላኛው ጎን ያለውን የቱቦ ክዳን ሳቡት ይወጣል። ጨርቁን ከቱቦው ጠርዝ ላጥ አድርጋችሁ፣ ቱቦውን ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሴጌቶ ቁረጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ጨርቁን ደግሞ ንጹሕ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ከላይ እስከ ታች በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፣ የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ አዲስ ምላጭ ባለው ካተር በአንድ ጊዜ ሳቡት። መቀስ ሞገድ ያወጣል። ጨርቁ ከቱቦው ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ይጥበብ። የታችኛውን ዘንግ በጨርቁ ልክ ቁረጡ፣ ክዳኑን መልሱ። ዜብራን ግን አትሞክሩት፣ ድርቡን ጨርቅ እኩል መቁረጥ ቤት ውስጥ አይሆንም።

ስትጠቀልሉት ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ መጀመሪያ ውሃ ልኩን እዩ። ውሃ ልኩ ልክ ከሆነ ከሚሸሽበት በተቃራኒው ጎን ቱቦው ላይ አንድ ቁራጭ ስኮች ለጥፉ፣ ይመልሰዋል። ሲወርድም ቢያንስ አንድ ዙር ጨርቅ ቱቦው ላይ ይቅር፣ አለበለዚያ ክብደቱን የሚሸከመው ማጣበቂያው ብቻ ይሆናል።

ቨርቲካል የስፌት ሥራ ነው። ቁራጮቹን አውልቁ፣ ከታች ኪስ ውስጥ ያለውን ማክበጃ አውጡ፣ ሰንሰለቱን አላቁ። የሚፈለገው ቁመት ላይ ለኪሱ የሚታጠፈውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምራችሁ ቁረጡ፣ ልኩን ከድሮው ኪስ ውሰዱ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ጨርሳችሁ ስቀሉት። ከወለል ወይም ከደፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ልክ ነው፣ ሌሎቹን በእሱ ልክ ቁረጡ። ሁሉንም አንድ ላይ ደራርቦ መቁረጥ ያምራል ግን ጨርቁ ይንሸራተታል። ስፌት ማሽን ከሌላችሁ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ቀጥታ መስመር ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል።

ትንሽ ልጅ ካለ

ብላይንዱን ስታሳጥሩ የሚሳበው ገመድ አብሮ አያጥርም። ድሮ ለረጅም መስኮት የተሠራው ገመድ አሁን አጭር መስኮት ላይ ወለል ደርሶ ይንጠለጠላል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የብላይንድ ገመድ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ የሞቱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚሆነው። ብላይንዱ ወርዶ ሳለ ገመዱን እጃችሁ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ቁረጡትና መያዣ ጉጡን መልሳችሁ እሰሩ። ሁለት ሦስት ገመድ በአንድ ጉጥ ተጋጥሞ ቀለበት ከሠራ ለያዩት። ግድግዳው ላይ ገመዱ የሚጠመጠምበት መያዣ ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ሮለርና ቨርቲካል ላይ ያለው የዶቃ ሰንሰለት ዙሪያውን የተገጠመ ቀለበት ስለሆነ ከታች በኩል ግድግዳው ላይ ወጥሮ የሚይዘውን ፕላስቲክ ሳትገጥሙ አትተዉት፤ ብዙ ገጣሚ ትቶት ይሄዳል። አልጋና ሶፋም ከመስኮቱ ሥር ፈቀቅ ይበሉ።

ያወጣችኋቸውን ትርፍ ቅጠሎች አትጣሉ። ቅጠል የሚጣመመው ሁልጊዜ እጅና ድመት የሚደርስበት ከታች ነው። አንዱ ሲበላሽ የታችኛውን ክዳን ፈልቅቃችሁ፣ ገመዱን እስከዚያ ቅጠል ድረስ ሳባችሁ፣ በትርፉ ትለውጡታላችሁ። ወርዱና ቀለሙ አንድ ስለሆነ ማንም አይለየውም።